ቀዶ ሕክምናው መቼ ይሁን? ኢንዶሜትሪዮሲስና የልጅ ዕቅድ

በዚህ በሐብሩ ወረዳ በግራና መድረክ ስለ ሴቶች ጤና እንድናገር ስትጋብዙኝ አንድ ጥያቄ ሰጥታችሁኛል፦ ኢንዶሜትሪዮሲስ አለብሽ፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሽ ይሆናል የተባለች፣ ነገር ግን ገና ልጅ ወልዳ መሳም የምትፈልግ ሴት ቀዶ ሕክምናውን መቼ ታድርግ? የምመልሰው በአንድ ሐሳብ ነው፤ እንዳይረሳም ደጋግሜ እለዋለሁ። የቀዶ ሕክምናው ቀን የሚቆረጠው በሽታው በአልትራሳውንድ ስለ ታየ ብቻ መሆን የለበትም፤ ሴቷ ለመውለድ ካሰበችበት ጊዜ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው መወሰን ያለበት። ይህን በአምስት ክፍል አስረዳለሁ፦ በሽታው ምንድን ነው፣ ቀዶ ሕክምናው ምን ይሰጣል፣ ምን ይወስዳል፣ ጊዜው እንዴት ይመረጣል፣ በመጨረሻም ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሷቸው ነጥቦች ምን መልስ አላቸው። የምናገረው ሐኪም የሚሰጣችሁን ምክር ለመተካት አይደለም፤ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ አውቃችሁ እንድትቀመጡ ነው።

መጀመሪያ ስለ በሽታው። የማሕፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍን ስስ ሥጋ አለ። በየወሩ ይወፍራል፤ ጽንስ ካልተፈጠረ ተልጦ ከደም ጋር ይወጣል። የወር አበባ የምንለው ይህን ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ይህን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል ነው፦ እንቁላል በሚያመርተው አካል ማለትም በኦቫሪ ላይ፣ በማሕፀን ቱቦ፣ ከማሕፀን ጀርባ፣ አንዳንዴም በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ። እዚያም ሆኖ በየወሩ ለሆርሞን ምላሽ ይሰጣል፤ ይደማል፣ አካባቢውን ያስቆጣል፣ ውሎ አድሮም ጠባሳ ሠርቶ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። ኦቫሪ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያረጀ ደም የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ ከረጢቱ ሲከፈት የሚወጣው ፈሳሽ ወፍራምና ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ሐኪሞች የቸኮሌት ሲስት ይሉታል። ምልክቱ ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀር የወር አበባ ቁርጠት፣ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ጥልቅ ሕመም፣ በወር አበባ ሰሞን ሲጸዳዱ የሚሰማ ሕመም፣ የማይለቅ ድካምና የጽንስ መዘግየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ በቁጥር 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ በሽታ አለባቸው፤ ሕመሙ ከጀመረ አንሥቶ በሽታው ታውቆ ስሙ እስኪነገራቸውም ከ4 እስከ 12 ዓመት ይፈጃል።

ምናልባት «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ዘንድ የለም» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህን ያሉት ሐኪሞችም ጭምር ነበሩ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም ጆ ቪንሰንት ሜግስ በሽታውን ኑሯቸው የደላና መውለድ የሚያዘገዩ ሴቶች በሽታ አድርገው ጽፈው ነበር፤ ጥቁር ሴቶች ላይ እምብዛም አይገኝም የሚለው እምነትም ለአሥርተ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ቆየ። በ1976 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቻትማን የተባሉ ሐኪም የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችን ሆድ በካሜራ ሲያዩ ከ5ቱ በአንዷ ያህል ላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ አገኙ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አስቀድሞ የዳሌ ኢንፌክሽን አለባችሁ የተባሉ ነበሩ። ሴቶቹ በሽታው ነበረባቸው፤ ያየላቸው ግን አልነበረም። የእኛም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ሆድ በካሜራ የሚታይበት መሣሪያ በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ በሚገኝበት አገር፣ «የሴት ልጅ ሕመም ነው፣ ይለምድሻል» በሚባልበት ቤት፣ በሽታው ስም ሳያገኝ ይኖራል። ስም ያላገኘ በሽታ ደግሞ ስሙን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ሴቷ አግብታ ልጅ ጠፋ ሲባል ነው። ያኔ ሁሉም ይቸኩላል፤ የቀዶ ሕክምናው ውሳኔም በችኮላ መካከል ይወድቃል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ቀዶ ሕክምናው የሚሰጠው ነው። ዛሬ የሚመረጠው ላፓራስኮፒ የሚባለው ነው፤ በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ የበቀለውን ሥጋ ማውጣት፣ የተጣበቀውን ማላቀቅ፣ ሲስቱን መላጥ። ለሕመም ብዙ ሴቶችን ይረዳል፤ በዚህ ጥርጥር የለም። ለጽንስስ? እዚህ ላይ በጥሞና እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። በ1997 እ.ኤ.አ. በካናዳ የታተመ ጥናት መጸነስ ያቃታቸውን፣ በሽታው በጣም ቀላል ወይም ቀላል የሆነባቸውን 341 ሴቶች በዕጣ ከሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ሆዳቸው በካሜራ ታይቶ ብቻ ተዘጋ፤ ግማሾቹ የበቀለው ሥጋ ወጣላቸው። በ36 ሳምንት ውስጥ ጸንሰው ጽንሱ 20 ሳምንት ያለፈላቸው ከታከሙት 30.7 በመቶ፣ ካልታከሙት ደግሞ 17.7 በመቶ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጣሊያን የታተመ፣ በቁጥር ግን በጣም ያነሰ ጥናት ልዩነት አላገኘም። ሁለቱን ስናመዛዝን ቀዶ ሕክምናው ይረዳል፤ ነገር ግን ለሁሉም አይደለም። በካናዳው ቁጥር ብናሰላ ለአንዲት ተጨማሪ ጽንስ 8 ያህል ሴቶች መታከም አለባቸው። በዚያ ጥናት ውስጥ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ሴቶቹ በሙሉ በዚያው ሰሞን ለመጸነስ ይሞክሩ የነበሩ ናቸው። ጥቅሙ የተለካው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ነው። ልጅ የመውለድ ሐሳቧ ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በኋላ ለሆነች ልጃገረድ ያ ጥቅም ተቀምጦ ይጠብቃታል የሚል ማስረጃ የለም።

ለምን አይጠብቃትም? በሽታው ስለሚመለስ ነው። የተለያዩ ጥናቶችን ሰብስቦ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ እንዳሳየው በሽታው በ2 ዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች 21 ያህሉ ላይ፣ በ5 ዓመት ውስጥ ደግሞ ከ40 እስከ 50 በሚሆኑት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ቁጥር አንዴ በልባችሁ ያዙት። ዛሬ የ20 ዓመት ልጅ ለወደፊት ልጅ እንዲሆናት ተብላ ብትቀደድና በ27 ዓመቷ ብታገባ፣ ያኔ በሽታው ተመልሶ ሊጠብቃት ይችላል፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ሊታዘዝላት ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ ጠባሳው በዝቷል፣ ሥራው ከብዷል፣ ለጽንስ የሚሰጠው ተስፋም ቀንሷል። ስለዚህ ለጽንስ ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሚያውቀው እጅ፣ ለመጸነስ በተዘጋጁበት ሰሞን ቢደረግ ነው ዋጋውን የሚመልሰው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ቀዶ ሕክምናው የሚወስደው ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ እንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች፤ በኋላ አዲስ አይጨመርላትም። በዚህ በሐብሩ ገበሬ በክፉ ቀን እንኳ የዘር እህሉን እንደማይነካ ሁሉ፣ የኦቫሪን እንቁላል የሚነካ እጅም ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት። የቸኮሌት ሲስት ከኦቫሪ ሲላጥ ጤነኛ ሥጋና እንቁላል አብሮ ሊወጣ፣ ደም ለማቆም የሚደረገው ማቃጠልም ሊጎዳው ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው የእንቁላል ክምችትን የሚጠቁመው ኤኤምኤች የሚባለው የደም ምርመራ ከሲስት ቀዶ ሕክምና በኋላ በአማካይ 38 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በሁለቱም ኦቫሪ ላይ ሲስት ካለ ጉዳቱ ይብሳል፤ ጥቂት ሴቶችም ከዚህ የተነሣ የወር አበባቸው ያለ ዕድሜው እስከ መቋረጥ ይደርሳል። በእርግጥ ሲስቱ ራሱም ኦቫሪን ይጎዳል፤ መተውም ነፃ አይደለም። ደግሞም ሲስቱ መውጣት ካለበት ግድግዳውን ልጦ ማውጣት ፈሳሹን አፍስሶ ወይም አቃጥሎ ከመተው ይሻላል፤ ዳግም መምጣቱ ይቀንሳል፣ በተፈጥሮ የመጸነስ ዕድሉም የተሻለ ነው። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የእንቁላል ክምችቱ መለካት አለበት። ሳይለካ የተወሰደን በኋላ ማንም አይመልሰውም።

አራተኛው ነጥብ የውይይታችን ልብ ነው፦ ጊዜው እንዴት ይመረጥ? አምስት ነገሮች አንድ ላይ ይታያሉ። የሕመሙ ብርታት፤ የሴቷ ዕድሜ፤ የእንቁላል ክምችቷ፤ ለመጸነስ የሞከረችበት ዘመን ርዝመት፤ የባሏም ምርመራ። እነዚህን ይዘን ሦስት ሴቶችን እናስብ። የመጀመሪያዋ የ19 ዓመት ተማሪ ናት እንበል፤ ወር በመጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ከክፍል ትቀራለች፤ ማግባትም መውለድም ገና ሐሳቧ አይደለም። ለእሷ መጀመሪያ የሚመጣው እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ በሰዓቱ መውሰድ፣ ያ ካልበቃ የወር አበባውን የሚያረጋጋ የሆርሞን እንክብል ነው። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው መድኃኒቱ ካቃተው ወይም ልትወስደው ካልቻለች ነው፤ የሚደረገውም ለሕመሟ እንጂ ለወደፊት ልጇ አይደለም። ከተደረገም በኋላ በሽታው እንዳይመለስ ቢያንስ ከ18 እስከ 24 ወር ሆርሞኑን መቀጠል ይመከራል። ሁለተኛዋ የ28 ዓመት ባለትዳር ናት፤ አንድ ዓመት ሞክራ አልጸነሰችም፤ ሕመሟም ጠንካራ ነው፤ ክምችቷ ደኅና ነው፤ የባሏም ምርመራ ጤነኛ ነው። ቀዶ ሕክምናው ዋጋ የሚኖረው ለእሷ ነው፤ ከሱ በኋላም ሆርሞን ሳትወስድ ወዲያው መሞከር ይገባታል፤ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ካልሆነ ሌላ የሕክምና መንገድ ታስብ። ሦስተኛዋ 37 ዓመቷ ነው፤ ዓመታት ሞክራለች፤ ክምችቷ አንሷል፤ ሕመሟ ግን የሚቻል ነው። ለእሷ ቀዶ ሕክምናው ጊዜዋንም እንቁላሏንም ሊወስድባት ይችላል፤ ቢቻላት በቀጥታ ወደ አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ከማሕፀን ውጭ ወደሚገናኙበት ሕክምና መሄድ ይሻላታል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የሰው ተዋልዶና ሥነ ጽንስ ማኅበር መመሪያም ከአይ ቪ ኤፍ በፊት የቸኮሌት ሲስትን በዘልማድ ማውጣትን አይመክርም፤ ሕመም ካለ ወይም እንቁላሉን ለመድረስ ሲስቱ ካገደ ብቻ ነው የሚፈቅደው። አያችሁ፤ በሽታው አንድ ነው፣ መልሱ ግን ሦስት ነው። የለየው በአልትራሳውንድ የታየው ምስል ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዷ ዕድሜና ዕቅድ ነው።

ከዚህ ሕግ የሚወጡ ሁኔታዎች አሉ፤ ሳልጠቅሳቸው ባልፍ በደል ይሆናል። የበቀለው ሥጋ የሽንት ቱቦን አጥብቆ ኩላሊትን ካስጨነቀ፣ አንጀትን ከዘጋ፣ ሲስቱ ካንሰር ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ፣ ወይም ሲስት በድንገት ተጠምዝዞ አለዚያም ፈንድቶ ከባድ ሕመም ካመጣ፣ የልጅ ዕቅድ አይጠበቅም፤ በቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። እንዲህ ያለ ድንገተኛ የሆድ ሕመም የያዛትን ሴት «ልማዷ ነው» ብላችሁ እንዳታሳድሯት።

አምስተኛውና የመጨረሻው ክፍል፣ ለሚነሡ ተቃውሞዎች መልስ ነው። የመጀመሪያው ተቃውሞ «በሽታ ሳይስፋፋ ቶሎ ይውጣ» የሚል ነው። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ለብዙ በሽታም እውነት ነው። ለኢንዶሜትሪዮሲስ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ያልታከሙ ሴቶች ሆድ ከወራት በኋላ ዳግም በካሜራ ሲታይ በሽታው በአንድ ሦስተኛ ያህሉ ላይ ሲብስ፣ በሌሎቹ ባለበት ሲቆይ ወይም ሲሻሻል ታይቷል። ስለዚህ መጠበቅ ማለት ሁልጊዜ ማባባስ ማለት አይደለም። መጠበቅ ስል ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ማለቴ አይደለም፤ ሕመሙን እያከሙ፣ ሲስቱ እያደገ እንደሆነ በአልትራሳውንድ እየተከታተሉ፣ ዕድሜን እየቆጠሩ መጠበቅ ነው። ከ35 ዓመት በላይ የሆነች ሴት 6 ወር ሞክራ ካልጸነሰች አንድ ዓመት እስኪሞላ ሳትጠብቅ መመርመር አለባት። ቶሎ መመርመርና ቶሎ መቀደድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኔ የመጀመሪያውን ለሁሉም እመኛለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ትዳር ይዛ ትውለድ፤ ስትወልድ ይለቃታል» የሚል ነው። ይህን ምክር በየቤቱ፣ በቡናው ዙሪያ፣ አንዳንዴም ከጤና ባለሙያ አንደበት እንሰማዋለን። በእርግዝና ጊዜ የወር አበባ ስለማይኖር ሕመሙ ጋብ ሊል ይችላል፤ በሽታውን ግን አያድነውም። ከላይ የጠቀስኩት መመሪያ በሽታውን ለማከም ብቻ ተብሎ «ጸንሺ» ተብላ ሴት እንዳትመከር በግልጽ ይላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው እንደሆነ አስቀምጧል። ሕመም የያዛትን ልጅ ለመድኃኒት ብሎ መዳር በዚህ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ላይ ሌላ ምክንያት መጨመር ነው፤ ሕጋችንም 18 ዓመት ያልሞላትን መዳር ይከለክላል። ልጅ በረከት ነው፤ የሚወለደው ግን እናቱ ስትፈልገውና ስትዘጋጅለት እንጂ እንደ መድኃኒት ታዝዞ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «የሆርሞን እንክብሉና መርፌው መካን ያደርጋታል» የሚል ነው። ብዙ እናቶች ልጃቸውን ሕመሟን ከሚያስታግስላት መድኃኒት የሚያስቀሩት በዚህ ፍርሃት ነው። እንክብሉ ሲቆም የእንቁላል መውጣት በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ይመለሳል። በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ በቅርቡ ለመጸነስ ያሰበች ሴት ለባለሙያዋ ይህን አስቀድማ ትንገራት፣ እንክብሉን ትምረጥ። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ሆርሞን ሕመምን ያስታግሳል እንጂ የመጸነስ ዕድልን አይጨምርም። ለመውለድ እየሞከረች ያለች ሴት «መጀመሪያ ሆዷ ይረጋ» ተብሎ ወራት በሆርሞን ብታባክን ከዕድሜዋ ላይ እየተቀነሰባት ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ጮክ ብሎ አይነገርም፤ በየቤቱ ግን ይኖራል። «ልጅ ያልመጣው በእሷ ነው፤ እሷ ትታከም» የሚል ነው። ባሎች ሆይ፣ ይህን ለእናንተ እላለሁ። ልጅ ካጡ ባለትዳሮች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ከወንዱ በኩል ያለ ምክንያት ብቻውን ወይም ከሴቷ ምክንያት ጋር ተደምሮ ይገኛል። የወንድ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቢላ አይጠይቅም፣ ማደንዘዣ አይጠይቅም፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ይህ ሳይደረግ የሚስትን ሆድ ማስከፈት ከቅደም ተከተል ውጭ ነው። ደግሞም በአገራችን ልጅ ለማጣት ከሚያደርሱት ዋና ምክንያቶች አንዱ በኢንፌክሽን የተዘጋ የማሕፀን ቱቦ ነው፤ የማሕፀን ቲቢም አለ። ስለዚህ ቱቦው ክፍት መሆኑ በማቅለሚያ ራጅ ሊታይ ይገባል። ምርመራው ለሁለቱም ይሁን፤ የሁለት ሰው ልጅ በአንድ ሰው ሕመም አይከፈልም።

አምስተኛው ተቃውሞ የቦታ ነው። «ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው፤ እኛ ግራና ነን» ትሉ ይሆናል። እውነት አላችሁ፤ መንገዱ ረጅም ነው። ልምድ ያለው የላፓራስኮፒ ሐኪምና አይ ቪ ኤፍ በአብዛኛው የሚገኙት አዲስ አበባ ነው፤ በመንግሥት በኩል የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ይህን ሥራ ይሠራል። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የወልድያንና የደሴን ሆስፒታሎች ለዝርፊያ ዳርጎ እንደነበረም አንረሳም። ነገር ግን ርቀቱ ሐሳቤን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ላምና በግ ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ አንድ ጊዜ ብቻ ሩቅ ሊሄድ የሚችል ቤተሰብ ያን አንድ ጉዞ በተገቢው ጊዜ ሊያደርገው ይገባል። ከጉዞው በፊት የሚሠራው ሥራ ደግሞ አብዛኛው እዚሁ ነው። የሕመሙን ታሪክ መጠየቅ፣ ማስታገሻና እንክብል መስጠት በጤና ጣቢያ ይቻላል። አልትራሳውንድና የማሕፀን ሐኪም ለማግኘት ወልድያና ደሴ አሉ። ከዚያ የሚቀረውን ብቻ ነው አዲስ አበባ የሚወስዱት፤ ያንንም የተሟላ ማኅደርና የሪፈር ወረቀት ይዞ። ባዶ እጁን የሄደ ሰው እዚያ ደርሶ ምርመራውን ከሀ ይጀምራል፤ ገንዘቡ ለአልጋና ለምግብ ያልቃል፤ ቀዶ ሕክምናውም በቸኮለ ቀን ይወድቃል።

ዱዓውና ጠበሉስ? በወሎ ልጅ ያጣ ሰው አስቀድሞ ፈጣሪውን ይለምናል፤ መለመኑም ይገባዋል። ጸሎት ዕድሜን ቆሞ እንዲጠብቅ ግን አያደርገውም። ጸሎቱና ምርመራው ጎን ለጎን ይሂዱ፤ የሃይማኖት አባቶቻችንና ዑለማዎቻችን «ታከሙም ጸልዩም» ሲሉ ሕዝቡ ይሰማቸዋል፤ ይህን እንዲሉልን እጠይቃለሁ።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ልጠቅልል። ቀዶ ሕክምናው ይረዳል፤ ነገር ግን ጥቅሙ ጊዜ አለው፣ ዋጋም አለው፣ በሽታውም ይመለሳል። ስለዚህ ቀኑ ከልጅ ዕቅድ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰን። ይህን ለማድረግ ከእያንዳንዳችሁ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ተማሪ ልጆቻችን፣ ደብተር ያዙ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ከክፍል የቀራችሁበትን ቀን፣ የወሰዳችሁትን ማስታገሻና ያሻላችሁ እንደሆነ ጻፉ፤ የሦስት ወር ጽሑፍ ለሐኪም ከረጅም ወሬ ይበልጣል። እናቶች፣ ልጃችሁ ታማ ስትንከባለል «ይለምድሻል» ከማለት ተቆጠቡ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ ስለ ወር አበባ ሕመም ጠይቁ፤ ማንም ካልጠየቃት የምትናገር ሴት ጥቂት ናት። ባሎች፣ ቀድማችሁ ተመርመሩ። ቀዶ ሕክምና የታዘዘላችሁ ሴቶች ደግሞ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ሐኪማችሁን እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ይህ የሚደረገው ለሕመሜ ነው ወይስ ለጽንስ? የእንቁላል ክምችቴ ተለክቷል? ኦቫሪዬ ይነካል? ባለቤቴ ተመርምሯል? በላፓራስኮፒ ነው ወይስ ሆድ ተከፍቶ? ዛሬ ባይደረግ ምን አጣለሁ? ከተደረገ በኋላ መቼ መሞከር እጀምራለሁ? ለእነዚህ በቂ መልስ ሳታገኙ አትፈርሙ፤ መልሱን ስታገኙ ደግሞ አትዘግዩ።